የጨጓራ ባክቴሪያ ኩላሊትን ይጎዳል? ጥያቄና መልስ

የጨጓራ ባክቴሪያና ኩላሊትን አያይዛችሁ ለላካችኋቸው ጥያቄዎች መልሴ ይኸው። እኔ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። የላብራቶሪ ውጤታችሁን ግን ለሐኪማችሁ አሳዩ።

ጥያቄ፦ ኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ) አለብህ ተባልኩ። ወደ ኩላሊቴ ይወርድ ይሆን?

አይወርድም። ኑሮው ጨጓራ ውስጥ ነው። የሽንት ቧንቧና የኩላሊት ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ኢ ኮላይ ከሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ "ግንኙነት አላቸው" የሚባለው ከምን መጣ?

ባክቴሪያው ጨጓራን ለዓመታት እያስቆጣ ይኖራል። ይህ መቆጣት በደም በኩል ሌላ አካል ይነካ ይሆን ብለው ያጠኑ አሉ። ውጤቱ የተደበላለቀ ነው። አንዳንዱ ጥናት ዝምድና አገኘ፤ ሌላው አላገኘም። እንዲያውም የኩላሊት እጥበት በሚያደርጉ ሰዎች ላይ ባክቴሪያው ያነሰ ሆኖ የታየባቸው ጥናቶች አሉ። "ኩላሊቴን ያደከመው እሱ ነው" ለማለት አያስደፍርም።

አንድ የሚገርም ነገር ግን አለ። ኩላሊት አጣርቶ የሚያስወጣው ዩሪያ ለዚህ ባክቴሪያ ከአሲድ መከላከያው ነው። ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይቀይርና በዙሪያው ያለውን አሲድ ያበርዳል። ባክቴሪያው መኖሩን የሚያሳየው የትንፋሽ ምርመራም የሚሠራው በዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ለወገቤ ዲክሎፌናክ፣ ለጨጓራዬ ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ። ብዙ ጊዜ ሆነኝ። ችግር አለው?

አለው፤ ከባክቴሪያው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ጨጓራንም ያቆስላሉ፤ ባክቴሪያው ካለ ደግሞ ቁስሉ ይብሳል። በተለይ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ካለ፣ ወይም ሰውየው አስመልሶትና አስቀምጦት ፈሳሽ ካነሰው ኩላሊቱ በቀላሉ ይጎዳል።

ኦሜፕራዞል ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን አልፎ አልፎ ኩላሊትን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ቶሎ ካልተደረሰበት ጠባሳ ይተዋል። ለአጭር ጊዜ የታዘዘን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ዓመት ሙሉ መዋጥ ልክ አይደለም። በድንገት አቁም ማለቴ ግን አይደለም። መድማት የነበረበት ሰው እንዲያውም ላያቆመው ይችላል። ሐኪምህን "እስከ መቼ ልውሰደው?" በለው። ክሬቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና የሽንት ምርመራም አሠራ።

ጥያቄ፦ እናቴ የኩላሊት ሕመም አለባት። አሁን ደግሞ ባክቴሪያው ተገኘባት። ሕክምናውን ትጀምር?

መታከም ትችላለች። ግን ስለ ኩላሊቷ ሳይናገሩ መድኃኒቱን መጀመር የለባትም። ኩላሊት ሲደክም ባክቴሪያውን የሚገድሉት አንቲባዮቲኮች፣ የአሞክሲሲሊንና የክላሪትሮማይሲን፣ መጠን ሊቀነስ ይችላል። ቢስመዝ የሚባለው ሌላው የባክቴሪያው መድኃኒት ያለበት ሕክምና ለከባድ የኩላሊት ድክመት አይመከርም፤ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል።

የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ክላሪትሮማይሲን ከኮሌስትሮል መድኃኒቱ ከሲምቫስታቲን ጋር አብሮ አይወሰድም፤ ጡንቻ ሊፈርስ፣ ፍርስራሹም ኩላሊት ሊዘጋ ይችላል። እንደ አምሎዲፒን ካሉ የግፊት መድኃኒቶች ጋር ደግሞ ግፊትን ከልክ በላይ ሊያወርድ ይችላል። የተተከለ ኩላሊት ያለው ሰው ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ክላሪትሮማይሲን የታክሮሊመስን (ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳይቃወም የሚሰጥ መድኃኒት) መጠን በደሙ ውስጥ ያንረዋል።

ጥያቄ፦ ጎኔን ያመኛል። ጨጓራ ነው ኩላሊት?

በጽሑፍ ለይቼ ልነግርሽ አልችልም፣ እህቴ። የጨጓራ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከእምብርት በላይ መሃል ላይ ነው። የኩላሊት ከጎድን አጥንት ሥር፣ ወደ ጀርባ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ካለ ዛሬውኑ ታዪ።

ጥያቄ፦ የአባቴ ክሬቲኒን ደህና ነው፤ ዩሪያው ግን ከፍ ብሏል።

ፈሳሽ ማነስ ሊሆን ይችላል። የጨጓራ ቁስል ሲደማም ዩሪያ ይጨምራል፤ አንጀት የወረደውን ደም እንደ ፕሮቲን ስለሚፈጨው ነው። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከሆነ ወይም ራሳቸውን ካዞራቸው ነገ አትበል፤ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው።

ጥያቄ፦ ታክሜ ጨረስኩ፤ የደም ምርመራው አሁንም "አለብህ" ይላል።

የደም ምርመራው የሚያየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ወራት አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል። በዚያ ውጤት ሁለተኛ ዙር አንቲባዮቲክ አትጀምር። መድኃኒቱን ከጨረስክ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይተህ የሰገራ አንቲጅን (ባክቴሪያውን ራሱን በሰገራ ውስጥ የሚፈልግ) ወይም የትንፋሽ ምርመራ አድርግ። ኦሜፕራዞልንም ሐኪምህ ከፈቀደ 2 ሳምንት ቀድመህ አቁመው፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ "የለም" ሊልህ ይችላል።