ልብወለዱ በቅጠል ቀለም ለምን አለቀ ላልሽው

የጀግናዋ ዕጣ ሳይነገር ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ሆኖ መጽሐፉ አለቀ፣ ደራሲው ሰንፎ ነው ወይ ብለሻል። እኔም የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ በፍጹም አልሰነፈም ባይ ነኝ።

ቀለሙን ልብ በይው። ቀኑ ሲያጥርና ሲቀዘቅዝ ክሎሮፊል የሚባለው የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም ይፈርስና አረንጓዴው ይጠፋል። ቢጫው ግን አዲስ አይደለም፤ ካሮቲኖይድ የሚባለው ቀለም መጀመሪያም እዚያው ነበር፣ አረንጓዴው ሸፍኖት እንጂ። ቀዩ ሌላ ነገር ነው። አንቶሲያኒን የሚባለው ቀይ ቀለም በብዛት የሚሠራው ቅጠሉ ሊረግፍ ሲቃረብ፣ ውስጡ ከቀረው ስኳር ነው። ይሄ እኔን በጣም ነው የሚገርመኝ፣ ሊወድቅ የተቃረበ ቅጠል አዲስ ቀለም ሲሠራ!

መጨረሻውንም እንደዚያ አንብቢው። ከምዕራፍ 1 ጀምሮ በጀግናዋ ውስጥ ተሸፍኖ የነበረው የቱ ነው? እዚያው መጨረሻ ላይ የተወለደውስ? ሁለቱን ለይተሽ አስምሪባቸው፤ ዕጣዋ የተነገረው እዚያ ይመስለኛል።