የቻይናው ዱቄት፣ የቤታችን ጭስና የልጅ አስም

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ አስም አለበት። ሌሊት ሌሊት ያስለዋል፣ ደረቱም ሲር ሲር ይላል። ሐኪም ያዘዘለትን ሰማያዊ ፓፍ የምሰጠው ሲብስበት ብቻ ነው። ዘመዳችን በቻይንኛ የተጻፈበት ቡናማ ዱቄት አምጥቶ «በሦስት ወር ከሥሩ ይነቅለዋል» ብሎኛል። ልስጠው? በበጋ የሚብስበትስ ለምንድን ነው?
እናት፣ ከግሽ ዓባይ ሰፈር፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ እህታችን፣ አይስጡት። ይህን የምንለው የቻይናን ባህላዊ ሕክምና ንቀን አይደለም። ቻይናውያን ለትንፋሽ ሕመም ማሁዋንግ የተባለ ተክል ከጥንት ጀምሮ ይጠቀማሉ፤ እውነትም መድኃኒት አለው። ጃፓናዊው ናጋዮሺ ናጋይ በ1885 እ.ኤ.አ. ኤፌድሪንን የለየው ከዚሁ ተክል ነው። ኤፌድሪን የአየር ቧንቧ ይከፍታል፤ ነገር ግን ልብን ያስሮጣል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ሳልቡታሞል (ያ ሰማያዊው ፓፍ) ቦታውን የወሰደው ለዚህ ነው። መጠኑ ባልታወቀ ዱቄት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ለልጅ እጅግ ያስፈራል።

ከዚህ የከፋም አለ። ለሳልና ለአስም ሲሰጥ የኖረው ማ ዱ ሊንግ የተባለ ሌላ የቻይና ተክል አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል መርዝ አለበት፤ ኩላሊትን ያበላሻል፣ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያመጣል። ሳይጻፍባቸው ስቴሮይድ (እብጠትን ቶሎ የሚያበርድ ብርቱ መድኃኒት) የተቀላቀለባቸው «የቅጠል» መድኃኒቶችም ተገኝተዋል። ስለዚህ ልጁ በሁለት ቀን «ተአምር» ካሳየ ደስ አይበልዎ፣ ይጠርጥሩ። ለሳምንታት ወስዶት ከሆነ እሽጉን ይዘው ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ስቴሮይድ ካለበት በድንገት ማቋረጡ ራሱ አደጋ አለው።

አስምን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት የለም፤ መቆጣጠር ግን ይቻላል። ሰማያዊው ፓፍ የጠበበውን ቧንቧ ለሰዓታት ይከፍታል እንጂ ቧንቧውን የሚያጠብበውን እብጠት አያክምም። ልጅዎ ሌሊት የሚያስለው ከሆነ እንደ ቤክሎሜታሶን ያለ መከላከያ ፓፍ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። እሱ የሚሰጠው ደህና በሆነበት ቀንም ጭምር ነው፤ ከተሳበ በኋላ አፉን ይጉመጥመጥ።

ፓፍ አፍ ላይ በቀጥታ ሲነፋ አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። መድኃኒቱ ሳንባ እንዲደርስ በመሐል የሚገባ ዕቃ ቤትዎ መሥራት ይችላሉ፦ ግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ይውሰዱ። ሽቦ በፓፉ አፍ ቅርጽ አጥፈው በእሳት ያግሉና ቂጡን ይብሱ፤ የፓፉ አፍ አየር ሳያሳልፍ ይግጠም። በሳሙና ውኃ አጥበው ሳይወለውሉ በራሱ ይድረቅ፤ ከተወለወለ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ልጁ የፕላስቲኩን አንገት በከንፈሩ አጥብቆ ይያዝ። ፓፉን ይናጡ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ፣ ልጁ አምስት ጊዜ በዝግታ ይተንፍስ። ከዚያ እንደገና ነቅንቀው ይድገሙ። ሁለት ሦስቴ አከታትሎ መጫን መድኃኒቱን ያባክነዋል።

ሲነሳበት ከሰማያዊው ከ4 እስከ 10 ፓፍ፣ አንድ አንድ እያሉ ይስጡት። ካልተሻለው በየ20 ደቂቃው እየደገሙ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ የጎድን አጥንቱ መሐል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ካንቀላፋ ግን አንድም ደቂቃ አይጠብቁ፤ መንገድ ላይም ሰማያዊውን ፓፍ ይስጡት። ሲርሲርታው ድንገት ጠፍቶ ልጁ እየደከመ ከሆነ ተሻለው እንዳይሉ፤ አየር መግባት ሊያቆም ተቃርቧል ማለት ነው።

በበጋ የሚብስበት አቧራና ጭስ ተደምረው ነው። በብርዳማ የበጋ ሌሊቶች ጭስ ወደ ላይ አይበተንም፣ ሰፈሩ ላይ ይተኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በአየር ውስጥ ላለው ደቃቅ ብናኝ ያስቀመጠው የቀን ወሰን በሜትር ኪዩብ 15 ማይክሮግራም ነው፤ በማገዶ እንጀራ የሚጋገርበት ዝግ ማድቤት ግን ይህንን በብዙ እጥፍ ያልፋል። ስለዚህ ትልቁ ሥራ እዚያው ቤትዎ ነው፦ በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር፣ ካልሆነም ልጁን በሚጋገርበት ሰዓት ማራቅ። ከሰልም ሆነ ለቡና የሚጨሰው ዕጣን ልጁ ከሚተኛበት ክፍል ይውጣ። ግቢ ከመጠረጉ በፊት ውኃ ይረጭ። ባጃጅ ከሚቆምበት ዳር ይልቅ ወደ ጣና ዳር ቢጫወት ይሻለዋል። ኅዳር 12 ቆሻሻ ሲቃጠል በርና መስኮት ዘግተው ቤት ያቆዩት፣ ፓፉም በእጅ ይኑር።

ጥያቄ፦ አስም ያለበትን ልጄን ጤና አዳም በፈላ ውኃ አድርጌ ባጥነውስ?
አባት፣ ከዘጌ

መልስ፦ ይቅርብዎ። የሽታው ብርታት የታመመውን ቧንቧ ሊያስቆጣው ይችላል፣ የፈላ ውኃም ልጅ ላይ እየተደፋ ያቃጥላል። ጥማቱን በለብ ያለ ውኃ ማርካት ይበቃል።