የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ሥራዬን ትቼ ሙሉ ጊዜዬን ለቤተ ክርስቲያን ልስጥ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በምሥራቅ ጎጃም ቢቸና አካባቢ ነው። ዕድሜዬ 26 ሲሆን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ ድቁና ተቀብዬ ነበር፤ ዘመናዊ ትምህርቱን ስገፋበት ግን መቀደሱን ተውሁት። አሁን በሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ልቤም ከሥራዬ ይልቅ ወደ አገልግሎቱ እያዘነበለ መጥቷል። ከሌላ ቦታ መጥተው በጉባኤ ያስተማሩ አንድ ሰባኪ «አንተ የተጠራህ ነህ፤ ሥራህን ትተህ ውጣ» ካሉኝ ወዲህ ዕረፍት አጥቻለሁ። እናቴ አባታችን ከሞተ በኋላ የምትተዳደረው በእኔ ነው፤ ታናሽ ወንድሜንም የማስተምረው እኔ ነኝ። ያጨኋትም ልጅ አለች፤ እስካሁን ምንም አልነገርኋትም። ጥሪው የእግዚአብሔር መሆኑን በምን ልወቅ? ብዘገይስ እንደ ዮናስ መሸሽ አይሆንብኝምን?

መልስ፦ ወንድሜ ሆይ፣ በዚህ ዓመት ሥራህን እንዳትለቅ እመክርሃለሁ። ይህን የምልህ ምኞትህን ለማቀዝቀዝ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈለት በመጀመሪያው መልእክት «ማንም ኤጲስ ቆጶስነትን ቢፈልግ መልካምን ሥራ ይመኛል» ብሏልና አገልግሎትን መመኘት የተመሰገነ ነው። ሆኖም ያው ሐዋርያ በዚያው ምዕራፍ ዲያቆናት አስቀድመው እንዲፈተኑ፣ ያለ ነቀፋ ሆነው ሲገኙም እንዲያገለግሉ ያዛል፤ በምዕራፍ 5 ደግሞ ጢሞቴዎስ በማንም ላይ ፈጥኖ እጁን እንዳይጭን ያስጠነቅቀዋል። ምኞቱን ያመሰገነው ሐዋርያ ችኮላውን ከልክሏል።

በምን ልወቅ ላልኸው የሳሙኤልን ታሪክ ተመልከት። ብላቴናው ድምፁን ሦስት ጊዜ ሰምቶ ሦስት ጊዜም ወደ ዔሊ ሮጠ፤ የሚጠራው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተዋለው ግን ራሱ ሳሙኤል ሳይሆን ዔሊ ነበር። ዔሊ በዚያን ጊዜ ዓይኑ የፈዘዘ፣ ልጆቹን መግታት ያቃተው ሽማግሌ እንደ ነበረ ልብ በል። እንዲህም ሆኖ እግዚአብሔር ብላቴናውን በእርሱ በኩል አስረዳው። ለአንተም ዔሊ የሚሆኑልህ ለአንድ ጉባኤ መጥተው የተመለሱት ሰባኪ አይመስሉኝም። እርሳቸው በቅንነት ተናግረው ይሆናል፤ ነገር ግን ስትቆጣ፣ ስትበደር፣ ከጎረቤት ጋር ስትጣላና ስትታረቅ አላዩህም። ያዩህ የንስሐ አባትህ፣ ዳዊት ያስደገሙህ የኔታና አብረውህ የሚኖሩት የአጥቢያህ ምእመናን ናቸው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት ከሕዝቡ መካከል፣ በመልካም ከተመሰከረላቸው መሆኑም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ አስቀድመህ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ፤ ሰባኪው የነገሩህን ብቻ ሳይሆን የምትፈራውንና የምታፍርበትንም ጭምር ሳትሸሽግ አስረዳቸው።

ስለ ዮናስ ያነሣኸው ሥጋት ያንተን ሁኔታ የሚመለከት አይመስለኝም። ዮናስ ወደ ነነዌ እንዲሄድ በግልጽ ታዝዞ ወደ ተርሴስ የኮበለለ ሰው ነው፤ አንተ ግን ትእዛዙን እየጠየቅህ ነው። ይልቅስ ዳዊትን ተመልከት። በሳሙኤል እጅ ከተቀባ በኋላ እንኳን ከሳኦል ዘንድ እየተመላለሰ የአባቱን በጎች ይጠብቅ እንደ ነበር በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 17 ተጽፏል። በጥሪውና ወደ ሥራው በመግባቱ መካከል ያለፈው ጊዜ ከጥሪው አላጎደለበትም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ዛሬ ብዙ ወጣቶች «ሙሉ ጊዜ አገልጋይ» ሲሉ በልባቸው የሚያስቡት መድረክና የድምፅ ማጉያ ነው። በጎጃም ገጠር ግን ካህኑ በሰሞኑ፣ ማለትም በአገልግሎት ተራው፣ ይቀድሳል፤ ሰሞኑ ሲያልፍ በሬ ጠምዶ ያርሳል፤ ልቅሶ ሲሆን ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳል፤ ልጅ ሲወለድ ያጠምቃል። ይህን ካህን ግማሽ ጊዜ አገልጋይ ብሎ የሚጠራው የለም። ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ወንጌልን ሰብኳል። በእርግጥ ኑሮው ከብዷል። ቤተ ክርስቲያን የነበራት የእርሻ መሬት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከተወሰደ ወዲህ የአብዛኛው የገጠር አጥቢያ መተዳደሪያ የምእመናን አስተዋጽኦ ነው፤ በከተማ ደብር ደመወዝ ሲኖር በገጠር ግን ካህኑ ያለ ማሳው ልጆቹን ማሳደግ ይቸግረዋል። «ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል ቀለብ እንዲቀበሉ» የተባለው ቃል እውነት ነው፤ ቀለቡን የሚሰፍረው ሕዝብ ራሱ ስንት ቁና እንዳለው ማሰብ ደግሞ የአገልጋዩ ፈንታ ነው። አንተ በመምህርነት ደመወዝህ እየኖርህ ብታገለግል ለአጥቢያህ ሸክም ሳትሆን ረዳት ትሆናለህ፤ ይህም ከሙሉ ጥሪ የሚያንስ አይደለም።

እንግዲህ የምትጀምርበትን ላመልክትህ። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን፣ ማለትም የሚቀድሱ ካህናትና ዲያቆናት፣ ይፈልጋል፤ ዲያቆናቱ ለትምህርትና ለእንጀራ ወደ ከተማ ስለሚሄዱ ቅዳሴ የሚታጎልባቸው የገጠር አጥቢያዎች አሉ። አንተ ደግሞ ዲያቆን ነህ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ተውኸው ድቁና መመለስ ትችል እንደ ሆነ ጠይቅ። ክህነትን የሚያፈርስ ነገር ደርሶብህ እንደ ሆነ ለንስሐ አባትህ ብቻ ተናገር፤ ያ በር ተዘግቶ ቢገኝም ሌላ የአገልግሎት በር አለና ተስፋ አትቁረጥ። ከተፈቀደልህ ግን ቢያንስ አንድ ዓመት ሳታጓድል ቀድስ። በሌሊት ተነሥተህ፣ ማንም ሳያመሰግንህ፣ በጾሙ ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆመህ የምታገለግለው አገልግሎት ልብህን ካላሰለቸው፣ በጉባኤ ላይ የተሰማህ ሙቀት ከየት እንደ መጣ ያን ጊዜ በተሻለ ትለያለህ።

ሁለተኛው የቅኔ ትምህርት ነው። ከአንተ ብዙ የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ደብረ ኤልያስ፣ ዋሸራና ጎንጅም በዚሁ በጎጃም ናቸው። ከሌላው የሀገራችን ክፍል ወጣቶች ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ ለምነው የሚማሩበት ጉባኤ ለአንተ የጎረቤት ያህል ነው። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ የየኔታን ፈቃድ ጠይቀህ በጉባኤው ተቀመጥ። ጉባኤ ቃና በምትባለው ባለ ሁለት ቤት አጭር ቅኔ ጀምረህ መወድስ ወደሚባለው ረጅም ቅኔ ለመድረስ ስንት ሌሊት እንደሚፈጅ በገዛ ሰውነትህ ታየዋለህ። ቅኔ ቤት የሚያስተምረው ግእዝን ብቻ አይደለም፤ የቆጠርኸው ቅኔ በጓደኞችህ ፊት ሲነቀፍ መታገሥንም ያስተምራል። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነበሩ፤ እኛ ዛሬ በፓትርያርክነታቸው የምናውቃቸው አባት በመጀመሪያ ከሌሎች ልጆች ጋር ፊደል ቆጥረዋል። ትምህርቱን ሳትቀምስ ሥራህን ብትለቅ ግን የምታስተምረው ሲያልቅብህ መመለሻ ያጥርሃል።

የእናትህንና የወንድምህን ነገር እንደ እንቅፋት አትቁጠረው። ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ የተቆጠረው ለዚያው ለጢሞቴዎስ በተጻፈው መልእክት ነው፤ ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለወዳጁ ለዮሐንስ አደራ ሰጥቷል። ወንድምህ ትምህርቱን እስኪጨርስ ብትቆይ እግዚአብሔር አይቀየምህም።

ያጨሃትን ልጅ በተመለከተ ግን ምክሬ ከዚህ ሁሉ የጠበቀ ነው፤ በዚህ ሳምንት ንገራት። ዲያቆን የሚያገባው ቅስና ከመቀበሉ በፊት ነው፤ ከቅስና በኋላ ጋብቻ የለም፤ ሚስቱ ብትሞትበትም ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይቀራል። ስለዚህ የአንተ ውሳኔ የእርሷንም ዕድሜ ልክ ያስራል። የመምህር ሚስት እሆናለሁ ብላ የታጨች ልጅ የካህን ሚስት ለመሆን በራሷ ፈቃድ መስማማት አለባት፤ በጾሙም በሰሞኑም የቤቱ ሥርዓት ይለወጣልና። በደስታ ከተቀበለችው ይህ ራሱ ለአንተ አንድ ምስክር ነው። ካልተቀበለችው ደግሞ ያለ ቂም ልታሰናብታት ወይም በዲቁናህ ረግተህ ልታገባት ትችላለህ፤ የትኛው እንደሚሻል ከንስሐ አባትህ ጋር ተመካከሩበት።

ጥያቄ፦ የፍኖተ ሰላም ነዋሪ፣ 22 ዓመቴ ነው። ሕይወቴን በሙሉ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት መስጠት እፈልጋለሁ። አባቴ ግን «ወይ አግቢ ወይ መንኩሺ፤ ሌላ መንገድ የለም» ይለኛል። እውነት ሌላ መንገድ የለምን?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ አባትሽ ስለ አንቺ ተጨንቀው ነውና በአክብሮት አነጋግሪያቸው፤ ከሁለቱ አንዱን በችኮላ እንድትመርጪ ግን አልመክርሽም። ትዳርን ለመሸሽ የሚገባበት ምንኵስና አይጸናም። ገዳማትም ቢሆኑ የመጣውን ሁሉ ወዲያው አያመነኵሱም፤ በአመክሮ አቆይተው ይፈትኑታል። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ በመጨረሻው ምዕራፍ በክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን የምታገለግለውን እኅታችን ፌቤንን በአደራ እንዲቀበሏት ሲጽፍ እንደምታየው የሴቶች አገልግሎት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በዚሁ በእኛ በጎጃምም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው የቀሰሙትን ቅኔ በጽላሎ ጉባኤ ዘርግተው ወንዶቹን ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል።

አንቺም በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ማስተማር፣ የአጥቢያሽን ሒሳብና ጽሕፈት መርዳት፣ የታመሙትን መጠየቅ ዛሬውኑ መጀመር ትችያለሽ። በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ በተባለው የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ የተደራጀው ሰበካ ጉባኤም ከካህናት ጋር ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን የሚያሳትፍ ነውና የአጥቢያሽን ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። ግእዝ መማር ከፈለግሽ ልጃገረድ ተማሪ የሚቀበሉ የኔታ በአቅራቢያሽ መኖራቸውን በንስሐ አባትሽ በኩል አጠያይቂ፤ ከቤትሽ እየተመላለስሽ ብትማሪ አባትሽም ልባቸው ያርፋል። ጋብቻውንና ምንኵስናውን ለመወሰን ገና ጊዜ አለሽ፤ በዚህ ሁሉ ስትጸኚ ሲያዩሽ እርሳቸውም ቢሆኑ ጥያቄውን ደግመው ማጤናቸው አይቀርም።