ብሩ የታለ?

ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ይቺን የምጽፈው አካውንቲንግ ጨርሳችሁ ስራ እስኪገኝ ቤት ለተቀመጣችሁት ነው።

እኔ የፒችትሪ፣ የዚያ የድሮ የሂሳብ ሶፍትዌር፣ ዘመን ሰው ነኝ። ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ የመርካቶ ነጋዴ ሪፖርት ሰርቼ ወሰድኩ። ሰንጠረዡ ያምራል፤ ትርፉም ያምራል። ሰውየው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝና «ትርፍ ካለ ታዲያ ብሩ የታለ?» አለኝ። የምለው ጠፋኝ። ብሩ ዱቤ ላይ ነበር። እዚያው ሪፖርቱ ላይ ሰፍሯል እኮ! አተምኩት እንጂ አላነበብኩትም።

ያኔ ሂሳብ አዋቂ የሚቀጥረው አቅም ያለው ብቻ ነበር። ዛሬ ጎግል ሺት፣ ራሱ የሚደምር የሂሳብ ሰንጠረዥ፣ በነጻ ስልካችሁ ላይ አለ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር የገባ የወጣውን በየቀኑ ይመዘግባል። ቻትጂፒቲ የሚባለው የሰው ሰራሽ አስተውሎት አፕም ስትጠይቁት በአማርኛ ይመልሳል፤ አማርኛው አንዳንዴ ቢያስቅም።

አምና የሰፈራችን እንጀራ ጋጋሪ የእህቷ ልጅ ስልክ ላይ ቻትጂፒቲን «ትርፌን እንዴት ላሳድግ?» ብላ አስጠየቀች። መልሱ ረጅም ነው። ቲክቶክ ላይ አስተዋውቂ፣ ለደንበኛ ቅናሽ አድርጊ ይላል። ቅናሽ! ከምኑ ላይ?

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይዩልኝ» አለችኝ። ከልጁ ጋር ምጣዱ አጠገብ ተቀመጥን። በእንጀራ 3 ብር አተርፋለሁ ባይ ናት። ጤፉን ብቻ ነበር የምትቆጥረው። ወፍጮ ቤቱን፣ መብራቱን፣ ባጃጁን ልጁ ሺቱ ላይ አስገባ። 1 ብር አልሞላም። በየቀኑ 60 እንጀራ የሚወስደው ምግብ ቤት ደግሞ የሚከፍለው በወሩ ነው፤ ያውም ጤፍ ሳይወደድ በተነጋገሩበት ዋጋ። የቤቱ አስቤዛም የሚወጣው ከዚያችው ከእንጀራው ብር ነው። «የአንቺስ ደሞዝ?» ስላት ሳቀች።

ቁጥሩን ይዘን እንደገና ስንጠይቅ ያው አፕ ሌላ ሰው ሆነ። ለምግብ ቤቱ ዋጋው በ2 ብር ቢጨመር፣ በየሳምንቱ ቢከፍል፣ ጭራሽ መውሰዱን ቢተውስ ብሎ አሰላልን። ልጁ በካልኩሌተር ደገመው። እናንተም ድገሙት፤ ድምር ላይ ይሳሳታል።

ግብር ላይማ ጭራሽ አትመኑት። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ እሱ የ2008ቱን ሊያነብላችሁ ይችላል። ወረዳችሁ ገቢዎች ሄዳችሁ አረጋግጡ። የሰው ስምና ስልክ ቁጥርም አታስገቡበት።

እንዲህ ያለ ስራ ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው። ለጎረቤት በነጻ ጀምሩ፣ ከዚያ ትንሽ አስከፍሉ። አታፍሩ፤ እኔ በማፈር ብዙ ከስሬያለሁ።

ሴትዮዋ አሁን ሁለት ደብተር ይዛለች፤ አንዱ የምጣዱ፣ አንዱ የቤቱ። ባለፈው ሳልፍ ጠርታ የምጣዱን አሳየችኝ። ከጤፉ በላይ፣ መጀመሪያ መስመር ላይ፣ በእጅ ጽሑፏ «ደሞዝ ለኔ» ይላል። መጠኑን ገና አልሞላችውም።