ሊድ ያለበትን ቀለም ሸፍኖ መቀባት ይበቃል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ሜሪላንድ አሮጌ ቤት ገዝታችሁ ቀለሙ ሊድ (ሕፃናትን የሚመርዘው ብረት፣ እርሳስ) ተገኘበት፣ ቀቢው ደግሞ «ኢንካፕሱላንት (ሊድ ያለበትን ቀለም መሸፈኛ) ቀብቼ ልገላግላችሁ» አለ። ይበቃል ወይ ነው ጥያቄሽ። እኛም ያለፍንበት ነው። ልጃችን ያኔ ገና ትድህ ነበር፤ እናንተም ሕፃን ሳይኖራችሁ አትቀሩም።

1. ኢንካፕሱላንት ሊዱን አያጠፋውም፣ አፍኖ ይይዘዋል እንጂ። ከተራ ቀለም ይወፍራል፣ ይከብዳል። የተላጠ ቀለም ላይ ከተቀባ አሮጌውን ይዞ ይረግፋል። መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ቀብቶ፣ ሲደርቅ በምላጭ ሰንጥቆ ይሞክረው። ከተነሳ ያ ግድግዳ አይሆንም።

2. መስኮት ላይ በፍጹም! ጉድ የሆንነው እዚህ ላይ ነው። የኛ ቀቢ ግድግዳ መስኮት ሳይለይ ለቀለቀው። ሲያዩት ያምራል። የድሮ መስኮት ግን ወደ ላይ እየተገፋ ነው የሚከፈተው። በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር እንጨት ከእንጨት ሲፋተግ ቀለሙን ይፈጨዋል። ከሥሩ ጠርዙ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ብናኝ ይከማች ጀመር። ልጅቷ ቆማ መሄድ ስትለምድ የምትይዘው ያንኑ ጠርዝ፤ እጇ ደግሞ ከአፏ አይጠፋም። ደሟ ሲመረመር ሊዱ፣ ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት) የልጅ ደም ውስጥ ሲገኝ ከፍ ያለ ነው የሚባልበት መነሻ ብሎ በ2021 ካወጣው 3.5 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በላይ ሆኖ መጣ። ቀቢው ስልክ ማንሳት አቆመ። አንድ ቢሮ ደውዬ ሳስረዳ ሠራተኛዋ «ተከራይ ካልሆናችሁ አይመለከተንም» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። እናት ስታለቅስ እየሰማች!

መስኮቶቹን በሙሉ አስነቀልን። በዚህኛው ዙር የኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) የሊድ ሰርተፊኬት ያለው ድርጅት ነው ያመጣሁት። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት የተቀባ ነገር የሚያድስ ተከፋይ ድርጅት በአብዛኛው ሰርተፊኬቱ ሊኖረው ግድ ነው፣ ሕጉ ከ2010 ጀምሮ ይሠራል። ክፍሉን በላስቲክ ሸፈኑ፣ ቀለሙን እያረጠቡ ነቀሉ፣ በሄፓ ቫኪዩም (ደቃቅ ብናኝ በሚያስቀር መጥረጊያ ማሽን) ጠረጉ። ከዚያ የአቧራውን ናሙና ላብራቶሪ አስልኬ አለፈ። ወረቀቱን እስከዛሬ አስቀምጬዋለሁ። የልጄም ደም ወርዷል፣ ተመስገን።

ግድግዳው ጠንካራ ከሆነ ይቀባላችሁ፣ የኛም ግድግዳ እስካሁን አልተነሳም። መስኮቱንና የበሩን መቃን ግን ለየብቻ ዋጋ ይጻፍልሽ፤ «እሱንም እቀባዋለሁ» ካለሽ ሌላ ሰው ፈልጊ። ሥራው ሲሠራ ልጁን ይዘሽ ዘመድ ቤት እደሪ። ደሙን ግን ቀቢውን ሳትጠብቂ በዚህ ሳምንት አስመርምሪ።