የነርሲንግ ትምህርት ጥራት፦ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ

በዲግሪ ደረጃ ነርሲንግ ሳስተምር ቆይቻለሁ። የጥራት ኮሚቴ ውስጥም ሠርቻለሁ፤ ፋይል ማደራጀቱንም፣ ዋርድ ውስጥ ከተማሪ ጀርባ መቆሙንም አውቀዋለሁ። ስለ ጥራት ስታንዳርድ ለላካችኋቸው ጥያቄዎች የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ስታንዳርድ የሚባለው ከሪኩለሙ ራሱ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። ከሪኩለሙ የሚነግረን ምን እንደምናስተምር ነው። ስታንዳርዱ ደግሞ ተማሪው የት ሲደርስ «በቃ፣ ደህና ነው» እንደምንል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለነርሶችና ለአዋላጆች ትምህርት ያወጣውን ስታንዳርድ ብታዩ፣ የሚጀምረው ከተመራቂው ነው። የፕሮግራሙ አቀራረጽ፣ ከሪኩለሙ፣ መምህራኑና የተማሪ ቅበላው ከዚያ ይከተላሉ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ወንበርና ኮምፒውተር ከመቁጠር ነው፣ ለመቁጠር ስለሚቀል።

ጥያቄ፦ የተማሪዎቻችን ሎግቡክ (ዋርድ ውስጥ የሠሩት እየተመዘገበ የሚፈረምበት ደብተር) ተፈርሞ አልቋል። ዋርድ ሲገቡ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ፊርማው ላይ። አንዴ የአንዷን ተማሪ ሎግቡክ ሳገላብጥ የስድስት ሳምንት ሥራ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ ተፈርሞ አገኘሁ። ይባስ ብሎ የበሽተኞቹ ሁሉ ትንፋሽ በደቂቃ 20 ነው። የሳንባ ምች ያለበትም 20፣ ነገ ወደ ቤቱ የሚሄደውም 20። ልጅቷ ሰነፍ ሆና አይደለም። ዋርዱ ውስጥ ሁሉም እንደዛ ሲጽፍ አየች፣ እሷም ጻፈች። የአንዱን በሽተኛ ደረት እያየች ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ እንድትቆጥር አብሬያት ቆምኩ። 32 ሆነ። ደንግጣ እንደገና ቆጠረች፣ ያው 32፤ ሐኪም ጠራን።

ከዚያ በኋላ ደንቡን ቀየርነው። ፈራሚው በዓይኑ ያየውን ብቻ፣ በዕለቱ ይፈርማል። «ተመለከተች»፣ «በእርዳታ ሠራች»፣ «ብቻዋን ሠራች» ተብሎም ይለያል። የተፈረመው ቁጥር ወዲያው አሽቆለቆለ። ኃላፊዎች ደነገጡ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ፣ እውነተኛው ቁጥር ያ ነበራ።

ጥያቄ፦ ኦስኪ (ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ በቼክሊስት የሚታረምበት የተግባር ፈተና) እንፈትናለን፣ አይበቃም?

መልስ፦ ብቻውን አይበቃም። እርግጥ ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ካስተዋወቁት ወዲህ «ፈታኙ ወዷታል» ከሚባለው ዓይነት ማርክ ብዙ ገላግሎናል። ጣጣው ቼክሊስቱ ነው። መርፌ መውጋት ከ20 ይታረማል እንበል። የታካሚውን ማንነት ሳታረጋግጥ የወጋች ተማሪ ሌላውን አሟልታ 19 ልታመጣ ትችላለች። አለፈች? ለእኔ ወድቃለች። ማንነት ማረጋገጥን፣ የእጅ ንጽሕናን፣ አለርጂ መጠየቅን «ይሄ ከቀረ አያልፍም» ብላችሁ ለዩዋቸው፤ ለተማሪዎቹም ከፈተናው በፊት ንገሯቸው፣ ወጥመድ እንዳይሆን። ደግሞ አንድን ተማሪ ሁለት ፈታኝ ለየብቻ አርሞት ማርካቸው ሰማይና ምድር ከሆነ፣ መጀመሪያ መሠልጠን ያለባቸው ፈታኞቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ የልምምድ ቦታ አጥተናል። ክሊኒካሉን በሲሙሌሽን (በበሽተኛ ፋንታ በአምሳያ በመለማመድ) ብንተካውስ?

መልስ፦ በከፊል ይቻላል። የአሜሪካ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጥናት፣ እስከ ግማሽ የሚሆነው የክሊኒካል ሰዓት በሲሙሌሽን ተተክቶ የተማሪዎቹ ውጤት አልወረደም። ሰው ግን «ግማሽ» የምትለዋን ይዞ ይሮጣል። እዚያ የሠለጠነ መምህር ነበር፣ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላም ቁጭ ተብሎ ይወያዩ ነበር። ማኒኪን (የሰው አምሳያ አሻንጉሊት) ገዝቶ መቆለፍ ሲሙሌሽን አይደለም። ላስቲኩ ሳይወልቅ ዓመት የሞላው አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ስንት የክሊኒካል ሰዓት ይበቃል?

መልስ፦ ለማነጻጸር ያህል፣ የአውሮፓ ኅብረት ለጠቅላላ ነርስ ቢያንስ 4,600 የሥልጠና ሰዓት ይጠይቃል፣ ቢያንስ ግማሹ ክሊኒካል ነው። ዋርድ ጥግ ቆሞ ለዋለ ተማሪም ሰዓቱ ይቆጠርለታል፣ እንግዲህ።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ግርግሩ አክሬዲቴሽን (የትምህርት ቤቱ የዕውቅና ግምገማ) ሲደርስ ብቻ ነው። ጀማሪ መምህር ነኝ፣ ብቻዬን ምን ልሥራ?

መልስ፦ ከተማሪዎችህ ግምገማ አንድ ቅሬታ ምረጥ፣ አንድ ብቻ። አስተካክለው፣ ምን እንደቀየርክ ንገራቸው፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ደግመህ ጠይቅ። እኛ ጋ ቅሬታው «ፊድባክ የሚሰጠን ክሊኒካሉ ካለቀ በኋላ ነው» የሚል ነበር፣ ልክ ነበሩ። ወደ መሃል ሳምንት አመጣነው፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ አሥር ደቂቃ፣ ዋርዱ ኮሪደር ላይ ቆመን። ቅሬታውን፣ የቀየርነውንና ቀጣዩ ባች ያለውን አንድ ገጽ ላይ ጻፍን። ገምጋሚዎቹ ሲመጡ ያን ሁሉ ቦክስ ፋይል ትተው ረጅም ሰዓት የጠየቁን ስለዚያች ገጽ ነበር።