ራዲያተሩን ከፓምፑ በላይ አድርገው

ጥያቄው የመጣው ከሸዋ ሮቢት ነው። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወጣት እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ያስገጣጠምኳት ትንሿ ኮምፒውተሬ በውሃ ነው የምትቀዘቅዘው። እዚያ እያለሁ ቪዲዮ ስታወጣ ከ68 ዲግሪ አታልፍም ነበር። በአውቶብስ ጭነት ተጋድማ ወደ ሸዋ ሮቢት ከወረደች ወዲህ ግን ሬንደር ባስጀመርኩ በ5 ሰከንድ ውስጥ 97 ትደርስና ትንቀራፈፋለች። ውስጧ ሽሮ እንደሚንተከተክ ያለ ድምፅ ይሰማል። እዚህ ያለ አንድ ጠጋኝ የአገሩ ሙቀት ነው፣ ውሃዋም ጎድሏል፣ ከፍተን እንጨምርባት ይለኛል። ምን ይሻለኛል? ፎቶ ልኬያለሁ።»

ወንድሜ፣ ከሁሉም በፊት ያ ሰው እንዳይከፍታት። ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ። ፎቶዎቹን ደጋግሜ አየኋቸው፤ ድምፁንና የሙቀቱን አወጣጥ ስጨምርበት ጥርጣሬዬ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፦ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ አየር ውጧል። ራዲያተሩ (የሞቀው ውሃ በፋን የሚቀዘቅዝበት ክፍል) የኬዙ፣ የኮምፒውተሯ ሳጥን፣ ወለል ላይ ተጋድሟል፣ ፓምፑ ደግሞ ከበላዩ ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጧል። ደብረ ብርሃን ላይ ደህና የሠራችልህ አየሩ ገና ስላልተሰበሰበ ነው። የጣርማ በርን ቁልቁለት ተጋድማ እየተንገጫገጨች ስትወርድ፣ ጥግ ጥጉን ይዞ የነበረው አየር ተሰብስቦ ፓምፑ ውስጥ ገባ።

የአገሩን ሙቀት አትማው። ክፍልህ ከደብረ ብርሃኑ በ15 ዲግሪ ቢሞቅ ፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ገደማ ከፍ ይላል፤ 68 የነበረው 83 ቢሆን ነው። ደግሞ ነገሩን የሚያጋልጠው ፍጥነቱ ነው። ራዲያተሩ ጭራሽ ባይሠራ እንኳ፣ 150 ዋት የሚበላ ፕሮሰሰር ሩብ ሊትር ውሃን በ30 ዲግሪ ለማሞቅ ከ3 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ያንተ በ5 ሰከንድ 97 ከደረሰ ሙቀቱ ከነጭራሹ ውሃው ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው። ቀስ እያለ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ቢወጣ ኖሮ አቧራ ነው፣ ፋን ነው፣ አየር መውጫው ታፍኗል እልህ ነበር። እንዲያውም ለፋኑ የሚሻለው የናንተ አገር ነው። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1300 አካባቢ። ወደ ታች ሲወረድ አየሩ ስለሚወፍር ያው ፋን በያንዳንዱ ዙር የሚገፋው አየር ክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል።

አሁን ይህን የአየር ነገር ረጋ ብዬ ላስረዳህ፤ እጄ ላይ ከሚመጡት በውሃ የሚቀዘቅዙ ትናንሽ ኬዞች አብዛኞቹን የሚያሳምማቸው እሱ ነው። ታሽጎ የሚመጣ የውሃ ማቀዝቀዣ ውስጡ ትንሽ አየር አይጠፋውም። በዚያ ላይ ውሃው በቱቦው ግድግዳ በኩል በዓመታት ውስጥ ጥቂት ጥቂት እየተነነ ይወጣል፣ የወጣውን ያህል ቦታ አየር ይይዘዋል። ቢጫውን ጀሪካን አስብ። ሦስት ጣት ያህል ጎድሎ ክዳኑ ተዘግቷል። ብታቆመው አየሩ አፉ ጋ ነው፣ ብታጋድመው ጎኑ ላይ ነው፣ ብትደፋው መቀመጫው ጋ ይወጣል። አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ ሁልጊዜ ከፍታ ብቻ ነው የሚፈልገው። ያንተ ኬዝ ውስጥ ታዲያ ከፍ ያለው ማን ነው? ፓምፑ። ፓምፑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ተሽከርካሪ ውሃ ስታገኝ ትገፋለች፣ አየር ስታገኝ በባዶ ትዞራለች። ውሃ ሰንብቶ ሲመጣ የግቢ ቧንቧ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ፤ ያስላል፣ ይተፋል፣ ባልዲው አይሞላም። የምትሰማው መንተክተክ ያ ነው። የፓምፑን ዘንግ የሚያለሰልሰውም ያው ውሃ ስለሆነ በደረቁ በዞረ ቁጥር ራሱን ይፈጫል፤ ሬንደሩን ዛሬውኑ አቁም። ራዲያተሩ ከላይ ሲሆን ግን አየሩ ወደ ራዲያተሩ ጫፍ ማጠራቀሚያ ይወጣና እዚያው ይቀመጣል፣ ፓምፑ ንጹሕ ውሃ ያገኛል። በጎን የሚቆም ከሆነ አናቱ ከፓምፑ ከፍ ይበል፣ ቱቦዎቹም በታች በኩል ይውጡ፤ በላይ በኩል ከወጡ የተሰበሰበውን አየር መልሰው ይስቡታል።

ወደ ሥራው እንግባ። ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀል። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፣ ንቀለው። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ፣ ቦርዱ ላይ የቀረው ኃይል ይለቅ። ፓወር ሰፕላዩን (ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ ለውስጥ ዕቃው የሚያከፋፍለውን ሳጥን) በምንም ምክንያት አትክፈት፤ ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ሦስተኛው ፎቶ ላይ ያየሁት አናዶኛል። ፋኖችህ ቀጫጭኖቹ፣ ባለ 15 ሚሊዎቹ ናቸው፤ የታሰሩት ግን ለ25 ሚሊ ፋን በተሠራ 30 ሚሊ ብሎን ነው። በ25ቱ ፋን 5 ሚሊ ብቻ ራዲያተሩ ውስጥ ይገባል። በቀጭኑ ፋን ያው ብሎን 15 ሚሊ ይዘልቅና ውሃ የሚሄድበትን ስስ ቱቦ ይበሳል። የገጠመልህ ሰው ይህን ሳያውቅ አልቀረም፣ በሮንዴላ ቁልል ሊሞላው ሞክሯል፤ አንዱ ብሎን ላይ ስድስት ሮንዴላ ቆጥሬያለሁ። ከግራፊክስ ካርዱ በኩል ያለው ግን ያለ ሮንዴላ እስከ አንገቱ ተጠምዝዟል። እሱን በቀስታ ፍታና ጫፉን በነጭ ሶፍት ጥረገው። ሶፍቱ ከረጠበ ራዲያተሩ ተበስቷል፤ ማጣበቂያ አይዘው፣ ተስፋ ቁረጥበት። ደረቅ ከሆነ አምላክህን አመስግንና 20 ሚሊ ብሎን ግዛ። አሮጌውን ለናሙና ይዘህ ሂድ፣ ጥርሱ መመሳሰል አለበት።

ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ የአየሩን ፈተና ሞክር። ገና ሶኬቱ እንደተነቀለ ኬዟን ገልብጣትና ራዲያተሩ ወደ ላይ ይሁን፤ አየር እንዳይታፈን ከሥሯ በሁለት በኩል መጽሐፍ አስገባ። ሕፃን እንደምታባብል ቀስ እያልክ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዘንብላት። አየሩ ከፓምፑ ወጥቶ በቱቦው ሽቅብ ሲሄድ ጆሮህን ብትጠጋ ትሰማዋለህ። 10 ደቂቃ አሳርፋትና እንደተገለበጠች ሶኬቱን ሰክተህ ሬንደር አስጀምር። ወደ 80ዎቹ ከወረደች ጥርጣሬዬ ልክ ነው።

ከዚያ በኋላ ራዲያተሩን በቋሚነት ወደ ላይኛው ላሜራ አውጣው። ራዲያተሩ 27 ሚሊ፣ ፋኑ 15 ሚሊ፣ ጠቅላላ 42 ሚሊ። ከላሜራው እስከ ራሙ (ማዘርቦርዱ ላይ ቆመው የተሰኩት የሜሞሪ ሰሌዳዎች) ጫፍ በማስመሪያ ለካ፤ 45 ካገኘህ ይገባል። ከፎቶው እንዳየሁት ራምህ አጭሩ ዓይነት ስለሆነ ይበቃሃል ብዬ እገምታለሁ። ላሜራው ላይ ቀዳዳ ከሌለ ትበሳለህ፣ ግን ዕቃው በሙሉ ወጥቶ ባዶውን ኬዝ ብቻ። የብረት ብናኝ ማዘርቦርድ ላይ ከቀረ አንድ ቀን ያቃጥለዋል። ፋኖቹ ወደ ውጭ ይንፉ። ቱቦው እንደ ተቀጨ የአትክልት ጎማ አይታጠፍ፣ ከግራፊክስ ካርዱ ፋንም ይራቅ።

ፓምፑን ስታነሳ ፔስቱን፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ፓምፑ ሰሌዳ የሚያሻግረውን ቅባት፣ ታየዋለህ፤ ከአራተኛው ፎቶ ጠርዝ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቆ ይታያል። ይህ በየሱቁ ስም የሌለው መርፌ ውስጥ የሚሸጠው ግራጫ ነገር ነው፤ ጥቂት ብር ለማትረፍ የስንት ሺህ ብር ፕሮሰሰር ይጠበስበታል። በአልኮል አጽዳው፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ደህና ፔስት የአተር ፍሬ ታህል መሃል ላይ። የፓምፑን አራት ብሎኖች አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ፤ በማዕዘን እየተሻገርክ ጥቂት ጥቂት አጥብቅ። የፓምፑም ገመድ የተሰካው ተራ የፋን ሶኬት ላይ ነው፤ ኮምፒውተሯ ስትቀዘቅዝ ፓምፑም አብሮ ይደክማል። ለፓምፕ ወደተመደበው ሶኬት አዛውረውና ባዮስ (ኮምፒውተሯ ስትነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ በሙሉ ፍጥነት እንዲዞር አድርገው።

ውሃ መጨመሩን በተመለከተ፦ ራዲያተሩ አሉሚኒየም ነው፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚያርፈው ሰሌዳ መዳብ። ሁለቱ ብረቶች በአንድ ውሃ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ፋብሪካው ይህን የሚከላከል መድኃኒት ውሃው ውስጥ ጨምሯል። የቧንቧ ውሃ ስትቀላቅልበት መድኃኒቱ ይሳሳል፣ ማዕድኑ መበላቱን ያፋጥናል፣ ዝቃጩም የመዳቡን ቀጫጭን መስመሮች ይደፍናል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃም ቢሆን ያ መድኃኒት የለውም። የታሸገውን አትንካው።

ገጥመህ ስትጨርስ፣ አሁንም ሶኬቱ እንደተነቀለ፣ ከቱቦዎቹ መጋጠሚያ ሥርና ፓወር ሰፕላዩ ላይ ነጭ ሶፍት አንጥፈህ አንድ ሌሊት አሳድራት። ጠዋት ሶፍቱ ላይ ጠብታ ካየህ አትሰካት። ሥራ ላይ እያለች ውሃ ብታይ ደግሞ ኬዟን በእጅህ እንዳትነካ፤ መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ሄደህ ማብሪያ ማጥፊያውን አውርድ፣ ከዚያ ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀል። ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ካደረ ባዮስ ውስጥ የፓምፑን ዙር ተመልከት። ዜሮ ካለ ዘንጉ ተበልቷል፣ ሌላ ርካሽ የውሃ ማቀዝቀዣ አትግዛ፤ ቁመቱ ለኬዝህ የሚሆን አጭር የአየር ማቀዝቀዣ ፈልግ። ቁጥር ካሳየ ሬንደር አስጀምረህ በ5ኛው ሰከንድና በ20ኛው ደቂቃ ያየኸውን ዲግሪ ጻፍልኝ።